ወይዘሮ የትምወርቅ፣ እንኳን ደህና መጣሽ

ቅዳሜ ሰኔ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሶዶ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ባንዴ ዝም አሉ። ከዝምታው በፊት የተሰማው የባርኮት ድምፅ ነበር። ባርኮት የሚኒሚዲያ አንባቢ ስለሆነ ድምፁን አይቆጥብም። ለወላጆች ቀን የመጡት እንግዶች አብዛኞቹ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚወጣውን አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ፣ እያነበበ እንዲያሰማቸው የተመደበው እሱ ነው። ያነበበውም ይህን ነበር፦

«ወይዘሮ የትምወርቅ፣ እንኳን ደህና መጣሽ።»

ማኅሌት ከኪቦርዱ በስተቀኝ ቆማ ነበር። ባርኮት ተሳስቶ ያነበበ መሰላትና ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። አልተሳሳተም። ትንሽ ቀደም ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ለአቶ ወልደመስቀል «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ቤቱን ሁሉ ያስጨበጨበው ያው ኮምፒውተር፣ የስልሳ አንድ ዓመቷን የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ «አንቺ» ብሏቸዋል።

ወይዘሮ የትምወርቅ ጥቁር ለብሰው ነበር። ባለቤታቸው አቶ ዘሩባቤል በመጋቢት ወር ከሞቱ ወዲህ የወጡበት የመጀመሪያው ስብሰባ ይህ ነው ይባል ነበር። እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳሳረፉ ስክሪኑን ትክ ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ባርኮት አዞሩና «እስቲ ድገመው» አሉት።

ባርኮት ወደ ርዕሰ መምህሩ ሰረቅ አድርጎ አየ። መውጫ ሲያጣ ግን ደገመው፤ አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ። ወይዘሮ የትምወርቅ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ከበሩ ውጪ የጃንጥላቸው ጫፍ ሲሚንቶውን እየነካ ሲርቅ ይሰማ ነበር።

አቶ ወልደመስቀል በሩን ዘጉት። «ይሄን የጻፈው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ስም፣ ጾታና ዕድሜ ተቀብሎ ለእንግዳው ሰላምታ የሚሰጠውን ፕሮግራም የሠሩት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ማኅሌትና ጩማ። ማኅሌት አንድ ቃል ሳታወጣ፣ ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠው ጩማ ከመቀመጫው ተነሣና «እኔ ነኝ» አለ።

ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። ጩማ በክር አድርጎ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን የክፍሉን ቁልፍ አውልቆ ሰጣቸው። ሰኞ ጠዋት ወላጁን ይዞ ካልመጣ ወደ ክፍል እንደማይገባ፣ የክረምቱንም ነገር እንዲረሳው ነገሩት።

የክረምቱ ነገር ይህ ነው። በሐምሌ ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃናት የኮምፒውተር ትምህርት ሊከፍት ነበር። የኮምፒውተር መምህሩ መምህር መልካሙ ለረዳትነት የመረጡት ሁለቱን ነው። ለማኅሌት ክረምቱን ከቤት ሥራ የምታመልጥበት ደስ የሚል ነገር ነበር። ጩማ ግን የገሱባ ልጅ ነው። ሶዶ ውስጥ ከአጎቱ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ ክረምት ሲሆን ክፍሏን ለቆ አገሩ ይገባል፤ እስከ መስከረም ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያይም። ረዳት ከሆነ ሶዶ ይቆያል፤ ካልሆነ ይሄዳል። ወላጅ አምጣ ተብሎ የተባረረ ልጅ ደግሞ በመስከረም ተመልሶም ቢሆን ያን በር የሚከፍትለት አያገኝም።

*

እንግዶቹ ወደ ስፖርት ሜዳው ሲያመሩ ባርኮት ማኅሌትን ጠጋ አላት።

«አቦ፣ እኔን እኮ ነው ያስጠቆረኝ» አላት። «ሴትዮዋ እኔን ነው ያዩኝ። ጥፋቱ የ'እናቴ መጣ' ነው።»

«እናቴ መጣ» ለጩማ የወጣለት ስም ነው። ጩማ አፉን የፈታው በወላይትኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ይደባለቁበታል። ዘጠነኛ ክፍል እያለ «እናቴ መጣ» ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባርኮትና ጓደኞቹ በዚሁ ስም ሙድ ይይዙበታል። ማኅሌትንም «አንተ» ነው የሚላት። እሷ ለምዳዋለች።

ባርኮት ልጁ ሳያውቅ ያበላሸው ነው ብሎ አመነ። ሌሎቹም እንደዚያ አሉ። ማኅሌትን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ጩማ ሲሳሳት ሁልጊዜ የሚሳሳተው ወደ አንድ ወገን ነው፤ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ወንዱን ሴት አድርጎ፣ ወይም «እርስዎ» የሚባለውን «አንቺ» ብሎ ሰምታው አታውቅም። ሳያውቅ ቢሳሳት ኖሮ ለወይዘሮ የትምወርቅ «መጣህ» ነበር የሚወጣው። የወጣው ግን «መጣሽ» ነው። ታዲያ ይሄ ስሕተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

አንዴ ይህን ካሰበች በኋላ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን እየያዘ መጣ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የዓለም ዋንጫ የሚከፈትበት ቀን ስለነበር ልጁ ሁሉ ወደ ቪዲዮ ቤት ሲሮጥ እሷም ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሄዳለች። ጩማ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። ከመሄዷ በፊት ፕሮግራሙን አብረው ፈትነውታል። የሷን ስም አስገቡ፤ «መጣሽ» አላት። የጩማን አስገቡ፤ «መጣህ» አለው። የአባቷን የአቶ ሀብተጊዮርጊስን አስገቡ፤ «መጡ» አላቸው። ሦስት ዓይነት ሰላምታ ጻፉ፣ ሦስቱም በትክክል ሠሩ። እሷ ስትወጣ ደህና የነበረ ነገር እሷ በሌለችበት ነው የተበላሸው። ቁልፉ ደግሞ የነበረው እሱ ጋ ነው።

ምክንያትም አላጣችለትም። በሚያዝያ ወይዘሮ የትምወርቅ ከኮሚቴው ጋር ክፍሉን ሊጎበኙ መጥተው፣ የጩማ አንገት ላይ ቁልፉን አይተው፣ እሱ እየሰማ «ሌላ የሚይዘው ጠፍቶ ነው?» ብለው መምህር መልካሙን ጠይቀዋቸው ነበር። ጩማ ያን ጊዜ ምንም አላለም። ምንም አለማለቱ አሁን ሌላ መልክ ያዘ።

በግቢው በር በኩል ሲወጣ ስታየው ሮጠች። ጩማ ወደ መናኸሪያው እየሄደ ነበር፤ አባቱን ለማምጣት ዛሬውኑ ገሱባ መድረስ አለበት። ጎን ለጎን እየሄደች፣ ዓርብ እሷ ከወጣች በኋላ ምን እንዳደረገ ጠየቀችው። ክፍሉን ጠርጎ፣ ኮምፒውተሮቹን ጨርቅ አልብሶ፣ ቆልፎ መሄዱን ነገራት። ፕሮግራሙን ነክቶት እንደሆነ ጠየቀችው። አልነካሁም አላት፤ ቆም ብሎ ፊቷን አየ፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ካልነካኸው ለምን 'እኔ ነኝ' አልክ?»

«ማኅሌት» አላት፣ «አንተ ታውቃለህ።»

ይህን ብሎ እርምጃውን አፈጠነ። መናኸሪያው ጋ የገሱባ መኪና ሞልቶ ሊወጣ ሲል ደረሰበትና በኋላ በር ገባ። ማኅሌት እዚያው ቆማ ቀረች። ምንድን ነው የማውቀው? እኔን ምን ውስጥ ሊያስገባኝ ነው?

*

ከሰዓት በኋላ መምህር መልካሙ አስጠሯት። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ፊታቸው ገርጥቷል። ርዕሰ መምህሩ ማስረጃ ይፈልጋሉ አሏት። ልጁ ምን እንደቀየረ፣ የትኛውን መስመር እንደነካ አግኝታ ሰኞ እንድታሳያቸው ነው የሚፈልጉት። ሥራውን አብራው ስለሠራች ከሷ የተሻለ የሚያውቀው የለም። በሩን ከፈቱላትና ራሳቸው ውጪ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ማኅሌት ጨርቁን ገለጠች፣ ኮምፒውተሩን አስነሣች። ፋይሉን ስትከፍት የምትፈልገውን አውቃለች፦ የወይዘሮ የትምወርቅ ስም ያለበት፣ ለሳቸው ብቻ ተለይቶ የተጻፈ አንድ የተደበቀ መስመር። ከላይ እስከ ታች አነበበች። የለም። ከታች ወደ ላይ አነበበች። አንዲትም ፊደል አልተጨመረችም።

የቀድሞዎቹን ሙከራዎች ደገመች። የራሷን አስገባች፤ «መጣሽ»። የአባቷን አስገባች፤ «መጡ»። የጩማን አስገባች፤ «መጣህ»። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ሴት፣ ስልሳ አንድ ብላ ጻፈች፤ «መጣሽ» አለ። ሌላ ስም ሰጥታ ሞከረች፤ አሁንም «መጣሽ»። ስለዚህ ለአንዲት ሴትዮ ብቻ የተሠራ አይደለም። የእናቷን ስምና ዕድሜ ጻፈች። «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲላት ምንም የሚያስቀይም ነገር አላየችበትም፤ እሷም እናቷን «አንቺ» ነው የምትላት። «እርስዎ» የምትለው አባቷን ነው።

እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቆመ።

መምህር መልካሙ ይህን ትምህርት ሲያስተምሩ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ አስመስለው ነበር ያሳዩዋቸው። ተራ አስከባሪው መጀመሪያ «ገሱባ ነህ?» ብሎ ይጠይቅሃል። አዎ ካልከው ገሱባ መኪና ላይ ይጭንሃል፤ ሌላ ነገር አይጠይቅህም፤ ዕቃህን የሚያየውም አይኖርም። አይደለሁም ካልከው ብቻ ነው «ቦምቤ ነህ?» ወደሚለው የሚያልፈው። ሁለቱንም ካልሆንክ የቀረው መኪና ላይ ይወረውርሃል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢፍ» ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ኤልስኢፍ»፤ የተረፈው «ኤልስ»። ልጆቹ ስቀው፣ ቅዳሜ ገበያ ቀን እንዲህ ያለ ተራ አስከባሪ አይተው እንደማያውቁ ነግረዋቸው ነበር።

ማኅሌት አሁን መስመሮቹን እንደ ተራ አስከባሪው አነበበቻቸው፤ ከላይ ጀምራ፣ አንድ ባንድ፦

ኢፍ፣ ሴት ከሆነች፣ «እንኳን ደህና መጣሽ»።
ኤልስኢፍ፣ ዕድሜው አርባና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ «እንኳን ደህና መጡ»።
ኤልስ፣ «እንኳን ደህና መጣህ»።

ወይዘሮ የትምወርቅ ሴት ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አዎ ሆነ፤ መኪናው ተነሣ። ዕድሜያቸውን ጩማ ጠይቋቸዋል፣ እሳቸውም ሳያፍሩ ነግረውታል፣ ቁጥሩም ተጽፏል፤ ግን ያን ቁጥር ያየው መስመር የለም። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ «እርስዎ» ልትባል የምትችል አንዲት ሴት አልነበረችም፤ መቶ ዓመት ቢሞላትም።

ሐሙስ ዕለት የሆነው ትዝ አላት። ጩማ ይጽፋል፤ ጣቱ ፈጣን ስለሆነ የሚጽፈው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ እሷ ትነግረዋለች። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሲደርሱ ጩማ «ዕድሜ ይቅደም» አለ። እነሱ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ትልቅ ነው የሚለው ነው። እሷ ደግሞ «ፋራ አትሁን፣ ሴቶች ይቅደሙ» አለችው። ጩማ ስቆ፣ የጻፈውን አጥፍቶ፣ እሷ እንዳለችው ጻፈው። እሷም በልቧ ለሴቶቹ አንድ ነገር ያደረገች መስሏት ነበር።

በመስኮቱ በኩል የመምህር መልካሙ ድምፅ መጣ። «አገኘሽው?»

«እየፈለግኩ ነው ቲቸር» አለች።

ሁለቱን መስመሮች ለማቀያየር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ዕድሜ የሚለውን ወደ ላይ፣ ሴት የሚለውን ወደ ታች፤ ከዚያ መምህር መልካሙን ጠርታ «ይኸው፣ ያበላሸውን አስተካከልኩት» ብትል የሚጠይቃት የለም። ኮምፒውተሩ ማን ምን እንዳለ አይመዘግብም። የሐሙሱን ንግግር የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ አፍ «እኔ ነኝ» ብሏል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣ። ጩማ ያውቃል። «አንተ ታውቃለህ» ያላት ይህን ነው። ካወቀ ለምን ዝም አለ? ለምን በራሱ ላይ ወሰደው? ሰኞ አባቱ ፊት፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት ሊያወጣው አስቦ ይሆን? ወይስ ዕድሜ ልኳን ውለታ ሊያስቆጥርባት?

ምንም ሳትነካ ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ለመምህር መልካሙ ገና እንዳላገኘችው ነግራቸው፣ ዓይናቸውን ሳታይ ወጣች።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ወይዘሮ የትምወርቅ ቤት ሄደች። መንገድ ላይ ያሰበችው ነገር ብልህነት መስሏት ነበር፤ እሷና ጩማ ባሉበት የኮምፒውተር ክበብ ስም ይቅርታ ትጠይቃለች። የማንም ስም ሳይነሣ ሴትዮዋ ይቅር ካሉ፣ ለርዕሰ መምህሩም አንድ ቃል ከላኩላቸው፣ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ጩማን ይባረር ያሉት እሳቸው ናቸው ብላ አምናለች።

ወይዘሮ የትምወርቅ በረንዳው ላይ ነበሩ። ለሐዘን ተደርድረው የነበሩት አግዳሚዎች ገና ወደ መጡበት አልተመለሱም፤ በግድግዳው ጥግ ተደራርበዋል። ማኅሌትን ስለ እናቷ ደህንነት ጠይቀው አጠገባቸው አስቀመጧት። እሷም ያዘጋጀችውን ተናገረች፦ የኮምፒውተር ክበቡ በተፈጠረው ነገር በጣም አዝኗል፣ ይቅርታም ይጠይቃል።

«ክበቡ ስም የለውም?» አሏት።

ማኅሌት ለማምለጥ ያህል፣ ልጁ እንዲባረር መፈለጋቸውን እንደሰማች፣ ቢያዝኑለት መልካም እንደሆነ ተናገረች።

ወይዘሮ የትምወርቅ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ነኝ ይባረር ያልኩት? ማን አለ?»

«ተቆጥተው ስለወጡ ነዋ። ድገመው ሲሉት ሁላችንም…»

«አልተቆጣሁም» አሉ።

ከግቢው በር ውጪ ባጃጅ አለፈ። ከዚያ ወይዘሮ የትምወርቅ በሩን በአገጫቸው አሳዩዋት።

«ያን በር ስከፍት ዘሩባቤል ከውስጥ ሆኖ 'መጣሽ?' ይለኝ ነበር። ሱቅ ደርሼ ብመለስም፣ ጎረቤት ጋ ደርሼ ብመለስም። እኔ እንደሆንኩ ያውቃል እኮ፤ ግን ይጠይቃል። ልጅ አልወለድንም። ታላቆቼ ሁሉ አልፈዋል። አሁን እትዬ የማይለኝ፣ እርስዎ የማይለኝ ሰው የለም። አንቺ የሚለኝ አንድ ሰው ነበር፤ ቀበርኩት። ትናንት ያ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነበው… ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ወጣሁ።»

ማኅሌት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ እንደተሳሳተ ገባት፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ባርኮት፣ እሷም። ደስ ሊላት ሲል ወይዘሮ የትምወርቅ ቀጠሉ።

«ግን ልጁ ሆን ብሎ ነው? ያ ቁልፉን የያዘው?»

«ሆን ተብሎ አይደለም» አለች ማኅሌት። «የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ተዛብቶ ነው።»

«ማን አዛባው?»

በረንዳው ላይ አንዲት ዶሮ ወጥታ በአግዳሚዎቹ ሥር ገባች። ማኅሌት ዶሮዋን አየች።

«ለማንኛውም አስተካክሉት» አሏት። «ሌላዋ እንደኔ አይደለችም።»

ማኅሌት ስትነሣ ለርዕሰ መምህሩ አንድ ቃል ቢልኩላቸው ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ የትምወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለወልደመስቀል ምን ብለው ይንገሩት? አለቀስኩ ብለው? አልከሰሱም፤ ስለዚህ ክስ የሚያነሡበትም ምክንያት የለም። በር ድረስ ሸኝተዋት ሲመለሱ፣ እዚህ የነገሯትን ለእናቷም ቢሆን እንዳትናገር አስጠነቀቋት። ማኅሌትም ቃል ሰጠች። የግቢውን በር ከኋላዋ ስትዘጋ ከውስጥ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

*

ሰኞ የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት ማኅሌት ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች፤ ምን እንደምትል ገና አልወሰነችም ነበር። ከበሩ ጎን ጩማና አባቱ ቆመዋል። አባትየው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ቡትስ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ማኅሌትን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ሳሮ» ብለው ሰላም አሏት። ከዚያ ልጃቸውን በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ጩማ አጭር መልስ ሰጠ። አባትየው እንደገና ወደሷ ዞረው፣ አሁን ፈገግ ብለው፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?» አለችው ማኅሌት በሹክሹክታ። ጆሮዋ ግሏል።

«ማነው አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ነው አልኩት።»

ሌላ ነገር እንዳለ ፊቱን ፈተሸች። የተደበቀ ነገር አላገኘችም።

«ቅዳሜ ለምን 'እኔ ነኝ' አልክ?»

ጩማ ትከሻውን ነቀነቀ። «ማን ጻፈው ነዋ ያለው። የጻፈው የኔ ጣት ነው። ማን አዘዘ አላለም።»

«መስመሩ የተሳሳተ መሆኑን መቼ አወቅክ?»

«ባርኮት ሲያነበው። ወዲያው አየሁት።» ወደ አባቱ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተም አብረኸኝ ያየህ መስሎኝ ነበር። ዝም ስትል፣ እንግዲህ መናገር አልፈለገም አልኩ።»

ማኅሌት ደነገጠች። ሁለት ቀን ሙሉ እሷ እሱን ስትጠረጥር፣ እሱ ደግሞ እሷን ይጠረጥር ነበር። ልዩነቱ፣ ይህን እያሰበ ገሱባ ድረስ ሄዶ፣ አባቱን ከእርሻ አስነሥቶ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ በር ላይ ማቆሙ ነው። አባትየው ባርኔጣቸውን ገና አልመለሱም። ቀኝ እጃቸው በግራ እጃቸው ላይ ተጭኖ፣ የተዘጋውን በር እያዩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ የሚሏቸውን በአማርኛ እያዘጋጁ መሆን አለበት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ያሰበችው ማቀያየር አሁንም ይቻል ነበር። መምህር መልካሙ ቁልፉን ይዘው ከበስተኋላ እየመጡ ነው፤ ያገኘችውን ሊጠይቋት። ወይዘሮ የትምወርቅ አልተቆጡም ብላ መናገር አትችልም፤ ለምን ብትባል መልስ የላትም፤ ቃል ሰጥታለች። የቀራት የሐሙሱ ንግግር ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። አቶ ወልደመስቀል መነጽራቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉና ማን ቀድሞ እንደመጣ ጠየቁ። የጩማ አባት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለች ማኅሌት። ወደ ርዕሰ መምህሩም ዞረች። «ከነሱ በፊት እኔ ልግባ። ሴት የሚለውን መስመር ከላይ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ወልደመስቀል የምትለው አልገባቸውም። መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት፤ ከኋላ የቆሙትን መምህር መልካሙንም አዩ። መምህር መልካሙ ግን ገብቷቸዋል፤ አጎንብሰው ቁልፉን እጃቸው ላይ ያገላብጡ ጀመር። ማኅሌት ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ራሷ ዘጋችው።

የክረምቱ ትምህርት ሐምሌ 3 ቀን ተከፈተ። ረዳቶቹ ጩማና ባርኮት ነበሩ።